ሰባት ገና አልሞተም

ውዳሴ ተክሌ የተገኘችው ከሊፍቱ ጉድጓድ ሥር፣ በሲሚንቶ ከረጢትና በተሰባበረ ሴራሚክ መሃል ነበር። ሊፍቱ ራሱ ገና አልተገጠመም። ለቡ ውስጥ እንዳሉት ብዙ አዳዲስ ሕንፃዎች ይህም ተከራይ ከገባበት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሊፍቱ ግን «በሚቀጥለው ወር» እየተባለ፣ ጉድጓዱ በየፎቁ በጣውላ ተከድኖ ቀርቷል።

ኢንስፔክተር ቀመሪያ ከድር ቅዳሜ ጥር አሥራ ሰባት ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረሰች። ተንበርክካ አስከሬኑን በእጅ ባትሪ ከራስ እስከ እግር አየችው። ምንም አልተሰማትም። ባለቤቷ ሸምሱ ከሞተ አራት ወር ሆኖታል፤ በስምንተኛው ቀን ሥራ ገብታለች፤ ከዚያ ወዲህ ነገሮች ሁሉ የጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ወግቶት ገና ያልለቀቀው ጉንጭ ሆነውባታል። ስትነካቸው መኖራቸውን ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ለሥራው ግን አልጎዳትም። የሚያሳዝን ነገር ዓይኗን ስለማይጋርዳት እንዲያውም ከድሮው ይልቅ አጥርታ ታያለች።

«ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው» አለ ሳጅን ግዛው ከማስታወሻው እያነበበ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ድርጅት ሠራተኛ ናት። ከሴራሚክ መደብሩ ጫኞች አንዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከረጢት ሊያነሳ ሲገባ አገኛት። በሦስተኛው ፎቅ በኩል ያለውን ጣውላ አርብ ዕለት ኤሌክትሪሺያኖች ገመድ ሊስቡ አንስተው አልመለሱትም። እኔ እንደሚመስለኝ ስልኳን እያየች ስትሄድ ገብታ ነው።»

«ስልኳ የታለ?»

«ጠረጴዛዋ ላይ።»

«ታዲያ ምን እያየች ገባች?»

ቀመሪያ ባትሪውን ወደ ሟቿ እግር መለሰችው። ቀኝ እግሯ ላይ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አለ። ግራ እግሯ ባዶ ነው። ከረጢቱን ሁሉ አስነስታ አስፈለገች፤ ሌላው ጫማ አልተገኘም።

ያገኙት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ሐመር የሕክምና መዝገብ» የሚባለው ድርጅት አንድ ሰፊ ክፍልና አንዲት ጠባብ የስብሰባ ክፍል ብቻ አለው። ከውዳሴ ጠረጴዛ ሥር ከቤት አድርጋው የመጣችው ጥቁር ጫማ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የግራ እግር ሰማያዊ ነጠላ ጫማ። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ እስከ ግማሹ የተጠጣ ሻይ ያለበት ብርጭቆና ከላፕቶፑ ሥር የገባ ደብተር ነበር።

ቀመሪያ ከጠረጴዛው እስከ ጉድጓዱ በእርምጃዋ ለካችው። ሃያ ስምንት ሆነ።

«አንዷን ጫማ እዚህ ትታ፣ አንድ እግሯ ባዶውን ሃያ ስምንት እርምጃ ሄደች?» አለች። «አይመስለኝም። ይቺ ጫማ ከእግሯ የወጣችው ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ሰው አንስቶ እዚህ አምጥቷታል። ኮሪደሩ ላይ ብትቀር የሚያልፍ ሁሉ ወደ ታች ያይ ነበር።»

ግዛው ብዕሩን አወጣ። ሲመጣ ስለ አደጋ የጻፈውን ሰረዘው።

ደብተሩ ላይ በጥድፊያ የተጻፈች መስመር ነበረች፦ «ሰባት ገና አልሞተም። ሰኞ ለአቶ አስረስ እነግራለሁ። ለባልየውም።»

«ሰባት የሚሉት ሰው ነው?» አለ ግዛው።

«እንጠይቃለን።»

ድርጅቱ ከውዳሴ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ነው ያሉት። መጀመሪያ የገባው ሥራ አስኪያጁ አስረስ ነበር፤ ነፋስ ስልክ ካለው ቤቱ ተጠርቶ የመጣ፣ ሃምሳን የተሻገረ፣ ኮቱን የቸኮለ ሰው እንደሚያደርገው አዛንፎ የቆለፈ።

«ሥራችሁን ልጅ እንደሚያስረዱ ያስረዱኝ» አለችው።

«አሥራ አንድ የግል ክሊኒኮች የታካሚዎቻቸውን መዝገብ በእኛ በኩል ያስቀምጣሉ» አለ አስረስ። «መዝገቡ እዚህ አይደለም ያለው። ከውጭ አገር ኩባንያ በተከራየነው ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ክላውድ የሚባለው። እኛ በኢንተርኔት ነው የምንደርስበት። በየክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ መዝገቡን ከዚያ ማዶ የሚያመጣ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ክላይንት እንለዋለን። ውዳሴ ዳታቤዙን ትጠብቃለች። ሚሳኤል ክሊኒኮቹን እየዞረ ክላይንቱን ይጭናል፣ ያድሳል። ኢያቄም ፕሮግራም ይጽፋል።»

«ሰባትስ ማነው?»

አስረስ ደብተሩን አይቶ ፊቱን አኮሳተረ። «ሰው አይደለም። የክላይንቱ ቨርዥን ሰባት ነው፣ አሮጌው። አከራዩ ኩባንያ ከመስከረም ሠላሳ በኋላ ለሰባት ድጋፍ አልሰጥም፣ ወደ ዘጠኝ ተሸጋገሩ ብሎ ጽፎልን ነበር። ድጋፉ ያበቃውን ቨርዥን እኛ ‘ሞተ’ እንላለን። መሥራቱን ይሠራል፤ ቢሳሳት ግን የሚጠይቅለት የለም።»

«ሟቿ አልሞተም ብላለች።»

«እኛ ዘንድ ሰባት የለም። ሚሳኤል አሥራ አንዱንም ክሊኒክ አድሶ ፈርሟል። እኔም የእሱን ፊርማ ይዤ ለኩባንያው አረጋግጫለሁ።»

«ሄደው አይተዋል?»

«አላየሁም» አለ አስረስ ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

ሚሳኤል ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቃላቱን መርጦ የሚናገር፣ እጆቹን ጭኖቹ ላይ ያሳረፈ ሰው። ሲገባ ወንበሩን ሳያንኳኳ ሳበ።

«ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ» አለ። «ፉሪ ያለው ክሊኒክ ሥራ ነበረኝ። ታክሲ ጠፍቶ፣ ሐና ማርያም ጋ ወርጄም ዕቃ ስገዛ፣ ስደርስ አምስት ተኩል ሆነ። እስከ ስምንት እዚያው ነበርኩ፤ ነርሷን መጠየቅ ይችላሉ።»

«ውዳሴን መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

«ስወጣ ነው፤ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ግን እስከ ስድስት ከአርባ ሥራ ላይ ነበረች። ዳታቤዙ ማን መቼ እንደገባ ይመዘግባል። ስድስት ከአርባ ላይ የእሷ ስም አለ። ምናልባት ለምርመራው ይጠቅማችሁ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ይጠቅመናል» አለች ቀመሪያ።

ሦስተኛው ኢያቄም ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ። ከቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ልምምድ ላይ በስልክ ተጠርቶ የመጣ። ገና ሳይጠየቅ ላብ በላብ ሆኗል።

«ከስድስት እስከ ሰባት እዚህ ነበርክ አሉ።»

«ነበርኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም የለም። ምሳ ወጥታለች ብዬ ተቀምጬ ሥራዬን ሠራሁ።»

«ላፕቶፑ ተከፍቶ ነበር?»

«ተከድኖ ነበር። እርግጠኛ ነኝ።»

«ከውዳሴ ጋር ተጣልታችኋል።»

ኢያቄም መሬት መሬት አየ። «ባለፈው ሳምንት ነው። ከመዝገብ ላይ ነገር የመሰረዝ መብቴን አነሳችብኝ። የክሊኒኮቹንም አነሳች። መሰረዝ የሚችለው የእሷ ስም ብቻ ሆነ። ተናድጄ ክፉ ቃል ተናገርኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር።»

«የይለፍ ቃሏን ማን ያውቃል?»

«ሦስታችንም። ኅዳር ላይ ታይፎይድ ይዟት ስትተኛ በስልክ ሰጠችን። የቀየረችው አይመስለኝም።»

ኢያቄም ሲወጣ ግዛው በሩን ዘጋ። «በስድስት ከአርባ በሕይወት ነበረች። በዚያ ሰዓት ቢሮው ውስጥ የነበረው ይሄ ልጅ ብቻ ነው። ተጣልተዋል። ሌላ ምን ቀረን ኢንስፔክተር?»

«ሻዩ» አለች ቀመሪያ።

ሻይ የምትሸጠው ዓለሚቱ፣ ስልሳ ዓመት የሞላት ሴት፣ ደረጃው ሥር ሁለት ፔርሙስና አንዲት ሬዲዮ ይዛ ትቀመጣለች። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጦ ነበር።

«እማማ ዓለሚቱ፣ ለውዳሴ ሻይ የወሰዱላት ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ተኩል ግድም ነው ልጄ። ሬዲዮኑ ሰዓቱን ሲናገር ደረጃውን ጀምሬው ነበር።»

«ሻይ አስቀምጣ የመቆየት ልማድ አላት?»

«የላትም። ትኩሱን ነው የምትጠጣው። ከዚያ ብርጭቆውን ራሷ ይዛልኝ ትወርዳለች፤ ሦስት ፎቅ ለብርጭቆ እንዳልወጣ ብላ። ሌላው ሁሉ እኔን ነው የሚያመላልሰኝ።»

«ዛሬ አልወረደችም።»

«አልወረደችም። ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ብወጣ ኖሮ...» ዓለሚቱ አልጨረሰችውም።

ቀመሪያ አንድ ሌላ ጥያቄ ጠየቀቻት፤ መልሱን ጻፈችና አስፈረመቻት። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ያለውን በላች፣ ተኛች። እሑድ የሐኪሙ ወረቀት መጣ፦ የሞት ሰዓት ከአራት እስከ ሰባት ባለው ውስጥ፤ ከዚህ ለይቶ መናገር አይቻልም።

ሰኞ ጠዋት አስረስን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው።

«ለአከራዩ ኩባንያ የድጋፍ ክፍል ይጻፉ። ከመስከረም ሠላሳ ጀምሮ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደገባ ዝርዝሩን ይላኩልን። ውዳሴ ሰሞኑን የጠየቀቻቸው ነገር ካለም ይጨምሩበት።»

«የእሷ ጥያቄ ካለ ኢሜይሏ ላይ ይኖር ነበር። አየሁት፣ የለም።»

«ከእሷ ዘንድ የጠፋ ነገር ከእነሱ ዘንድ ላይጠፋ ይችላል።»

መልሱ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ መጣ፤ የማያውቁት፣ አገሩም የማይታወቅ ሰው በትሕትና የጻፈው ነበር። አስረስ እያነበበ ተረጎመላት። ውዳሴ ሐሙስ ዕለት ጥያቄ አስገብታ ነበር፦ «በቨርዥን ሰባት እስካሁን የሚገባ አለ ወይ?» አርብ ማታ መልስ ተልኮላታል። የደብዳቤው መጨረሻ፣ ሰባት ድጋፉ ያበቃ ስለሆነ ለሚያደርሰው ጉዳት ኩባንያው ኃላፊነት እንደሌለበት ያስታውሳል።

ዝርዝሩ ረጅም ነው። ቀመሪያ ጣቷን እያወረደች ቅዳሜ ስድስት ከአርባ ላይ አቆመች። የውዳሴ ስም አለ።

«ከስሙ አጠገብ ያለው ቁጥር ምንድነው?»

«የገባችበት ክላይንት ቨርዥን» አለ አስረስ። ከዚያ ቁጥሩን ደግሞ አየው።

«ለማንም እንዳይናገሩ» አለችው።

ከሰዓት ፉሪ ሄደች። ክሊኒኩ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ አዳዲስ ቤቶች መሃል ያለ ባለ አራት ክፍል ነው። ነርሷ ቡዜ ሚሳኤል ቅዳሜ አምስት ተኩል ደርሶ እስከ ስምንት እንደቆየ አረጋገጠች።

«ምን ሲሠራ ነበር ሲስተር?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ሰው አልተጠቀመበትም፤ እኔ በሽተኛ ላይ ነበርኩ። ሲጨርስ አዲስ ነገር ጭኜልሻለሁ፣ ከእንግዲህ ጽሑፉ አይቆረጥብሽም አለኝ።»

ቀመሪያ ቀና አለች። «ይቆረጥ ነበር?»

ቡዜ የነጭ ጋውኗን ኪስ መነካካት ጀመረች። «ረዘም ያለ ማስታወሻ ሲሆን መጨረሻው አይመጣም ነበር። ኅዳር ላይ ለሚሳኤል ነግሬዋለሁ። እመጣለሁ አለ።»

«በዚህ የተጎዳ ሰው አለ?»

ቡዜ እጇን ከኪሷ አወጣች። «ፅጌረዳ የምትባል ልጅ ነበረች። ከገና ማግስት ከፍተኛ ትኩሳት ይዟት ጎረቤት አመጣት። መናገር አልቻለችም። ባሏ ሥራ ላይ ነው። መዝገቧን ከፈትኩት፤ ነፋስ ስልክ ያለው ክሊኒክ የጻፈላት ማስታወሻ ነበር። አንብቤ ፔኒሲሊን ወጋናት። በደቂቃ ውስጥ ጉሮሮዋ ተዘጋ። ባሏ ለነፋስ ስልኩ ክሊኒክ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ነግሬያለሁ አለ። የእኛ ኃላፊዎች መዝገቡ ላይ የለም፣ አላስመዘገብክም አሉት። እውነትም የለም ነበር። እኔ ባነበብኩት ላይ የለም።»

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሁሉም በጠባቧ የስብሰባ ክፍል ተሰበሰቡ። አስረስ በጠረጴዛው ራስ፣ ሚሳኤልና ኢያቄም ፊት ለፊት፣ ዓለሚቱና ቡዜ ግድግዳውን ተጠግተው ተቀመጡ። ሳጅን ግዛው በሩን ተደግፎ ቆመ። ቀመሪያ ድምፅዋን ሳታነሳ ጀመረች።

«ውዳሴ አልወደቀችም። ተገፍታለች። አንዷ ጫማዋ ከእሷ ጋር ጉድጓድ ገብታለች፤ ሌላዋ ጠረጴዛዋ ሥር ተገኝታለች። ጫማ ራሱን አይመልስም። ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። እማማ ዓለሚቱ አራት ተኩል ላይ ሻይ ሰጧት። ውዳሴ ሻይ ትኩሱን ጠጥታ ብርጭቆውን የምትመልስ ሰው ናት። ሻዩ ግማሹ ቀርቷል። ስለዚህ ጠረጴዛዋን ትታ የተነሳችው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ነው፤ አምስት ሰዓት ሳይሞላ። አልተመለሰችም።»

«ስድስት ከአርባ ላይ ዳታቤዙ ውስጥ ነበረች እኮ» አለ ሚሳኤል በእርጋታ።

«ስሟ ነበር። የይለፍ ቃሏን ሦስታችሁም ታውቃላችሁ። ጥያቄው ስሟን ይዞ የገባው ማነው የሚለው ነው። የመጀመሪያ ሐሳባችን ኢያቄም ነበር፤ በዚያ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ስለነበረ። ኢያቄም፣ የቢሮው ኮምፒውተሮች በስንት ቨርዥን ነው የሚሠሩት?»

«በዘጠኝ» አለ ኢያቄም። «ሁሉም። የውዳሴም።»

«አቶ አስረስ፣ ስድስት ከአርባ ላይ በውዳሴ ስም የገባው ሰው በስንት ነው የገባው? ይንገሯቸው።»

«በሰባት» አለ አስረስ።

ታች የሴራሚክ መቁረጫው መጮህ ጀምሮ አቆመ።

«ከዚህ ቢሮ በሰባት መግባት አይቻልም። ታዲያ ሰባት የት ነበር? አከራዩ ኩባንያ ዝርዝሩን ልኮልናል። ድጋፉ ካበቃ ወዲህ በሰባት ሲገባ የኖረው አንድ ብቻ ነው፤ የፉሪው ክሊኒክ። በየቀኑ፣ በራሱ ስም። በሌላ ስም በሰባት የተገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ፣ ስድስት ከአርባ፣ በውዳሴ ስም። ከስድስት ሃምሳ ሁለት በኋላ ደግሞ ሰባት የሚባል ነገር ጨርሶ የለም፤ ፉሪ በዘጠኝ መግባት ጀመረ። ሲስተር ቡዜ፣ በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ማነው?»

«ሚሳኤል» አለች ቡዜ። «እሱ ብቻ።»

ሚሳኤል እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖራቸው። «ክላይንቱን ለማደስ የእሷን ስም ተጠቅሜ ይሆናል። ያ መግደል አይደለም።»

«ለማደስ ስም አያስፈልግም፤ ኢያቄምን ጠይቄዋለሁ። የእሷ ስም የሚያስፈልገው ለመሰረዝ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ነገር ተሰርዟል። ፅጌረዳ የምትባል ሴት መዝገብ ላይ የነበረ ማስታወሻ። ሲስተር ሙሉውን እንዳታየው፣ አዲሱን ከመጫንዎ በፊት እሱን ለማጥፋት ቸኮሉ። ኢያቄም፣ ሰባት ማስታወሻ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር ንገራቸው።»

ኢያቄም ጉሮሮውን ጠረገ። «አሮጌው ክላይንት ማስታወሻን እስከተወሰነ ርዝመት ብቻ ነው የሚያመጣው። በላቲን ፊደል ለተጻፈ ይበቃል። የእኛ አንድ ፊደል ግን ለእሱ እንደ ሦስት ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አማርኛ ሲሆን የዚያ ርዝመት ሲሶ ላይ ይቆርጠዋል። ዳታቤዙ ውስጥ ሙሉው አለ፤ የሚያነበው ሰው ግን አያየውም። ዘጠኝ ይህን አስተካክሏል።»

«ሲስተር፣ እርስዎ ያነበቡት የት ላይ ነበር የቆመው?»

ቡዜ ዓይኗን ጨፍና ተናገረች። «‘ታካሚዋ ከዚህ በፊት ለሳንባ ምች ታክማለች። ባለቤቷ እንደተናገረው...’ እዚህ ላይ ነው የቆመው። ጽፈው ሳይጨርሱ የተዉት መስሎኝ ነበር።»

ቀመሪያ ወደ ሚሳኤል ዞረች። «መስከረም ላይ ፉሪን ሳያድሱ አድሻለሁ ብለው ፈረሙ። ኅዳር ላይ ሲስተር ነገረችዎት፤ አልሄዱም። ሰው ሞተ። ውዳሴ የፅጌረዳን ሞት ሰምታ ማስታወሻውን ፈለገችው፤ ሙሉውን አገኘችው። ነርሷ ለምን አላየችውም ብላ አሰበች፤ ሐሙስ ለኩባንያው ጻፈች፤ አርብ መልስ አገኘች። ቅዳሜ ጠዋት ለእርስዎ ነገረችዎት። ቀድማ ለአለቃዋ አልነገረችም፤ ሰኞ ድረስ ጊዜ የሰጠችዎት ይመስለኛል። እርስዎ አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ ብለዋል። እማማ ዓለሚቱ፣ ሚሳኤል የወረደው መቼ ነው?»

«መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ሊነሳ ሲል ነው» አለች ዓለሚቱ። «አምስት ሊሆን ነው። ሁልጊዜ ሰላም ሳይለኝ አያልፍም፤ ያን ቀን ዝም ብሎኝ አለፈ።»

«የሕንፃው ጥበቃ ጄኔሬተሩን ያስነሳው አራት ከሃምሳ አምስት ላይ ነው፤ ጽፎታል። በስድስት ከአርባ ፉሪ መሆንዎን ራስዎ ነገሩኝ፤ የመግቢያውን መዝገብ ተመልከቱ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ሌላ ቦታ ነበርኩ ማለትዎ ነው ስሙን ማን እንደያዘው የነገረን።»

ሚሳኤል ሲመልስ ድምፁ የዕለት ሥራውን እንደሚያስረዳ ሰው ነበር።

«ዘንቦ ነበር። መስከረም ላይ የፉሪ መንገድ ጭቃ ነው። አሥሩን ጨርሻለሁ፣ አንዱን በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ ረሳሁት። ነርሷ ስትነግረኝ አስታወስኩ፤ እንደገና ተወት አደረግሁት። ውዳሴ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። ሰው እንዳይሰማ ብላ ነው፤ ማንም ግን አልነበረም። ለባልየው መንገር አለብን አለች። አትንገሪ አልኳት። እሱ የራሱ ጥፋት እየመሰለው ነው የሚኖረው አለችኝ። እጄን ዘረጋሁ። የማስቆማት ነበር የመሰለኝ። ጫማዋ ቀረች።»

«ከዚያ ጫማዋን መለሱ፣ ኢሜይሏን ሰረዙ፣ ላፕቶፑን ከደኑ።»

«አዎ።»

«ድምፅ አሰማች?»

«አላውቅም። ታች ሴራሚክ እየቆረጡ ነበር።»

ግዛው መጥቶ እጁን ያዘው። ሚሳኤል ሲነሳ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ዓለሚቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አስረስ ጠረጴዛውን እያየ፣ «እኔ ሄጄ ማየት ነበረብኝ» አለ። ማንም አላስተባበለለትም። ቀመሪያም አላስተባበለችም፤ ቃሉን ጻፈችው።

«የተሰረዘው ማስታወሻ ጠፍቶ ቀረ ማለት ነው?» አለች ቡዜ።

«ኩባንያው የሠላሳ አምስት ቀን ቅጂ ያስቀምጣል» አለ ኢያቄም። «ትናንት አስመልሰነዋል።»

ፋይሉ ሐሙስ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ ተላለፈ። የቀመሪያ ሥራ እዚያ ላይ አልቋል። ከሰዓት ግን አንድ ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በታክሲ ፉሪ ወረደች። ማንም አላዘዛትም። ውዳሴ እነግረዋለሁ ብላ ደብተሯ ላይ የጻፈችው ሰው ነበር፤ አልተነገረውም።

የፅጌረዳ ባል ፍሮምሳ በር የሚበይድ ሠራተኛ ነው። የሚኖረው በኪራይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። በሩን ሲከፍትላት የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነበር፤ ሥራ ግን ከሄደ የሰነበተ ይመስላል። ፖሊስ መሆኗን ስትነግረው አልደነገጠም። ወንበር አቀረበላት፤ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን አየችው። የምታውቀው ፊት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ ታየዋለች።

«ስለ ባለቤትህ የምነግርህ ነገር አለ» አለችው።

የሆነውን በአጭሩ፣ ቨርዥንና ክላይንት ሳትል ነገረችው። ነፋስ ስልክ የተናገርከው ተጽፏል። ፉሪ ያለው ኮምፒውተር አሮጌ ነገር ስለነበረበት እኩሌታውን ብቻ አሳየ። ማደስ የነበረበት ሰው ሳያድስ አድሻለሁ አለ። ይህን ያገኘች አንዲት ሴት ልትነግርህ ነበር፤ ገደላት። ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ አነበበችለት።

«‘ታካሚዋ ከዚህ በፊት ለሳንባ ምች ታክማለች። ባለቤቷ እንደተናገረው በልጅነቷ ፔኒሲሊን ተወግታ ትንፋሿ ሊቋረጥ ደርሶ ነበር። ፔኒሲሊን ፈጽሞ እንዳይሰጣት።’»

«እንደገና ያንብቡልኝ» አለ ፍሮምሳ።

አነበበችለት።

«ነግሬያቸዋለሁ ማለት ነው።»

«ነግረሃቸዋል። እንዳልከው ነው የጻፉት።»

«እኔ እኮ...» አለና ወረቀቱን አየ። «ሳልናገር የተናገርኩ መስሎኝ ይሆን እያልኩ ነበር። ሃያ ሁለት ቀን። ያን ዕለት ነፋስ ስልክ ምን እንዳልኳቸው፣ ነርሷ ምን እንደለበሰች፣ ሁሉን ሳስብ ነበር። መጨረሻ ላይ ማስታወስ አቃተኝ። እናቷ ቀብሩ ላይ ሁለት ቃል መናገር አቅቶህ ልጄን አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።»

«ቁጥሯን ስጠኝ።»

ቁጥሩን ነገራት፤ በራሷ ስልክ ደወለች። ያነሱት አምሳለ የሚባሉ፣ ድምፃቸው የደከመ አሮጊት ነበሩ። ቀመሪያ ማን እንደሆነች ተናገረች። ከዚያ ማስታወሻውን ለሦስተኛ ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበች። ከወዲያ በኩል ለብዙ ጊዜ ድምፅ አልነበረም። የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ አልተቋረጠም።

«የተናገረው እሱ ነው?» አሉ አምሳለ።

«እሱ ነው እማማ።»

«አጠገብሽ አለ?»

«አለ።»

«ስጪው።»

ስልኩን ሰጠችው። ፍሮምሳ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ግን ጆሮው ላይ ለማድረግ ፈራ። ቀመሪያ ወረቀቱን አልጋው ላይ ትታለት፣ እንባውን እንዳታይበት ወጣችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

ደጁ አቧራ ነበር። ረዳቶች ለቡ፣ ለቡ እያሉ ይጣራሉ፤ ሁለት ታክሲ ሳትገባበት አለፈ። ስልኳ ከእሱ ጋር ስለሆነ መሄድ አትችልም፤ መሄድም አላማራትም። አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ከውስጥ የአንድ ሰው ትልቅ፣ የታፈነ ትንፋሽ ሰማች፤ ከዚያም ፍሮምሳ እንደ ልጅ በቀጠነ ድምፅ ሲመልስ።

«አዎ እማዬ። አዎ። አሁኑኑ እመጣለሁ።»